የሻጩን ቃል ያላመኑት ወይዘሮ ስንዱ

በጅቡቲ ከተማ በካርትዬ 2 ሰፈር ጉርድ ፎቶ ያነሱን፣ የሠርጋችንንና የልጆቻችንን ክርስትና ፎቶዎች ያተሙልን ወይዘሮ ስንዱ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ዋራበሌ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ሕመማቸው ረጅም ነበር፤ ሱቃቸውን ግን እስከ መጨረሻው አልዘጉም። መርዶውን የነገረችኝ ልጃቸው ሰላም ናት። እኔ ከፊት ለፊታቸው ፎቶ ቤት ከፍቼ ደንበኛ ስሻማቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ወዳጅ ብቻ አይደለም። ስቀናባቸው ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ነገሩ የጀመረው የኮምፒዩተር ማተሚያ ወደ ከተማችን በገባ ሰሞን ነው። የጅቡቲን ሙቀትና የባሕሯን እርጥበት ታውቃላችሁ፤ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ፎቶ አይራሩም። አንድ የዕቃ ነጋዴ ፎቶ አንሺዎችን ሰብስቦ በፎቶ ላይ የሚረጭ መከላከያ አሳየን። «መቶ ዓመት አይደበዝዝም» አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ወይዘሮ ስንዱ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው በፈረንሳይኛ ጠየቁት።

«ማን ፈትሾት ነው?»

«ፋብሪካችን ነዋ፣ ማዳም።»

«ፋብሪካውማ ሻጭ ነው። ከሽያጩ የማያተርፍ ሰው አልፈተሸውም?»

ነጋዴው ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። እሳቸው ሳይገዙ ወጡ።

በውጭ አገር ከአምራችም ከነጋዴም ጋር ያልወገነ፣ ፎቶዎችን በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት የሚፈትሽ ቤተ ሙከራ እንዳለ ሰምተው ነበር። እኛ በምንጠቀምበት ቀለምና ወረቀት አትመው፣ ግማሹን አስረጭተው ግማሹን እንዲሁ ትተው፣ በዘመድ እጅ ላኩለት። ውጤቱን ሲጠብቁ እኔ እየረጨሁ ገበያዬ ደራ። የእሳቸው ሱቅ ጭር ሲል በደስታ አየሁ።

አንድ አርብ ዘነበች የምትባል በፈረንሳዮች ቤት የምትሠራ ልጅ የወንድሟን ጉርድ ፎቶ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ወንድሟ ወደ የመን ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ የቀራት መልኩ ያ ብቻ ነው። አሳድጌ፣ መከላከያ ረጭቼ ዛሬውኑ እሰጥሻለሁ አልኳት። «ቆይ እትዬ ስንዱን ልጠይቅ» ብላ መንገዱን ተሻገረች። ተከትያት በራፋቸው ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይሄ የሚረጨው ይሻላል?»

«አላውቅም የኔ ልጅ። የሚያውቁት ሰዎች ገና እየፈተሹት ነው። እስከዚያ ሳልረጭ አትሜ መስታወት አደርግበታለሁ። ዋናውን ከፀሐይ አርቀሽ አስቀምጪው።»

ልጅቷ «አላውቅም» ተብላ ልቧ አርፎ እዚያው ቀረች። እኔ ሁሉን አውቃለሁ ብዬ አጣኋት። እንደዚያ ቀን ተቃጥዬ አላውቅም።

ከወራት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ሱቄ ገብተው በሩን መለስ አደረጉት።

«ውጤቱ መጣ። መከላከያው ከእኛ ቀለም ጋር ሲሆን ራሱ ቢጫ ይሆናል፤ ያልተረጨው ይሻላል። ለሌላ ሰው ከመናገሬ በፊት እርስዎ ይስሙት ብዬ ነው።»

«እነዚያ ፈታሾች ጅቡቲን የት ያውቋታል?» አልኩ በቁጣ።

«አያውቋትም። እዚህ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሊነግሩን አይችሉም። የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል ግን ይነግሩናል፤ ደግሞም የሚሸጡልን ነገር የለም።»

ብዙ ሳይቆይ እኔ ያተምኳቸው የሠርግ ፎቶዎች ቢጫ መምታት ጀመሩ። ሙሽሮች እየተቆጡ ሱቄን ሞሉት። ወይዘሮ ስንዱ ማተሚያቸውን ለቀቁልኝ፤ አጠገቤ ቆመው እያገዙኝ ለሙሽሮቹ እንደገና አተምን። ፎቶዎቹ ጀርባ ላይ የእሳቸውን ማኅተም ይመታሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «የእርስዎን ይምቱበት፤ ደንበኞቹ የእርስዎ ናቸው» አሉኝ። ቢኩራሩብኝ ይቀለኝ ነበር። እንዲህ ደግ የሆነ ሰው ላይ መቅናት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

በቀብራቸው ዕለት ከፔካ 12 ሰፈር የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ከየአሠሪዎቻቸው ቤት አስፈቅደው የወጡ ሴቶች መጡ። ዘነበችም ነበረች። ወንድሟ እስካሁን የት እንዳለ አልታወቀም። «ፊቱ ግን አሁንም ጥርት ያለ ነው» አለችኝ እያለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ቀናሁ። በእኔ ቀብር ላይ እንዲህ የሚል ሰው ይገኝ ይሆን?

ወይዘሮ ስንዱ፣ ልጅዎ ሰላም ከአስከሬንዎ ፊት የሚያዝ ፎቶግራፍ እንዳትም ጠየቀችኝ። እርስዎ ባስፈተሹት ቀለምና ወረቀት፣ ምንም ሳልረጭ አተምኩት። አሁን ቤትዎ ግድግዳ ላይ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ወጥቶኝ አያውቅም፤ ከእርስዎ ሥራም ይበልጣል ባይ ነኝ። የሚያንገበግበኝ፣ እውነትህን ነው ወይም ተሳስተሃል ብሎ የሚፈርድልኝ፣ እኔም የማምነው ሰው ከእርስዎ ሌላ አለመኖሩ ነው። ደህና ይረፉ።