ሁለቴ የተመታችው ሩር

ገብታለች! ሜዳ ሙሉ ሰው አይቷል።

ዛሬ ገነተ ማርያም ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የገና ጨዋታ ሲገጥሙ፣ የአክስቴ ልጅ ሞላ ሩሯን በዱላው ለግቶ ማሸነፊያዋን አገባ። ወዲያው ከከተማ የመጣ ፎቶ አንሺ ሜዳው መሀል ገብቶ "አልያዝኩትም፣ ድገመው!" አይለው መሰላችሁ!

ሞላ እንግዳ አያሳፍርም፤ ደገመው። ሳተ!

"እንግዲህ የሚቆጠረው የኋለኛው ነው" ብለው ታች ሰፈሮች ድርቅ አሉ። ጨዋታው በጭቅጭቅ ተበተነ፤ ላይ ሰፈር ሳይጨፍር ቤቱ ገባ።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እንዳትሉኝ፣ በግኛለሁ! እኔም ፎቶ አንሺ ነኝ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሳነሳ እውላለሁ፤ አንዷንም "ድገሚ" ብያት አላውቅም።

ሰውዬው ፎቶውን በኩራት አሳየኝ። ያምራል። ሞላ የሳተበት ነው።

እናንተስ፣ ካሜራ በዓላችሁን አበላሽቶባችሁ ያውቃል? ንገሩኝ እንጂ፣ ብቻዬን አልብገን።