አባቴን ወደ ግራ ያሻገርኩት ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ አቃቂ፣ የተማሪ ትራፊክ ነበርኩ። ክንዴ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዤ አውራ ጎዳናው ዳር ስቆም የአገሩ ሹም እኔ ነበርኩ። ኤንትሬው የጭነት መኪና ሳይቀር ተሳቢውን እየጎተተ መጥቶ ፍሬን ሲይዝልኝ፣ የናፍጣው ሽታ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራ ነበር። የሚመላለሰው በብስክሌት ነው፤ የሱሪውን ጫፍ በላስቲክ አስሮ፣ ቀኙን ይዞ፣ ቀስ ብሎ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የሰማሁትን ይዤ ደጅ ጠበቅኩት። «አባዬ፣ ተሳስተሃል። ግራህን ይዘህ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየህ ነው መሄድ ያለብህ» አልኩት። ትምህርቱ ለእግረኛ ነበር። እኔ ግን ሞተር የሌለው ሁሉ እግረኛ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ነገር ለእሱ እውነት ነው። «የተማረ ይግደለኝ! እሺ የኔ ትራፊክ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከሁለታችን በቀር የሰማ አልነበረም። በማግስቱ ወደ ግራ ሲሻገር ቆሜ በኩራት አየሁት።

ሳምንት አልሞላም። ከፋብሪካ ሲመለስ፣ ከኩርባው የወጣ ፒካፕ ፊት ለፊት አገኘው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። ትራፊክ ፖሊሱ ሆስፒታል መጥቶ «ምን ሆነህ ነው በግራ የነዳኸው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጬ ነበር። አባቴ አየኝ። «ፈረቃ ወጥቼ እንቅልፍ ጣለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ቀዩን ጨርቅ ለመምህራችን መለስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም።

ያኔ ብስክሌት የራሱ ሕግ እንዳለው የነገረን የለም። ዛሬ ለብስክሌት ብቻ መንገድ የተሰመረለት ሰፈር አለ፤ ልጄም ያለ ሄልሜት አትወጣም። ባለፈው እሁድ አዲሱን ብስክሌቷን ይዛ ልትወጣ ስትል «ቀኝሽን ይዘሽ፣ መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ» አልኳት።

«ለምን?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት የዋጥኩትን፣ አባቴም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየሰማ፣ ልነግራት ቆረጥኩ። «አያትሽን እኮ እኔ…» ስል አባቴ ከወንበሩ አቋረጠኝ።

«አያትሽ ብስክሌት ላይ አንቀላፍቶ ነው» አላት። «እናትሽ ያኔም ጎበዝ ትራፊክ ነበረች።»

ይቅርታ እንኳ እንድለው አልፈቀደልኝም።