ጅቡ ወላቃ የሆነ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ የምፈራው ጅቡን ሳይሆን የአያቴን መንጋጋ ነበር። አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በጣና ደሴት ሲያገለግሉ ኖረው፣ ሲደክሙ ባሕር ዳር እኛ ቤት ገቡ። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው በጊዜ ይከተታል፤ ከግቢያችን ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ እየወጣ መንገዱን የሚወርሰው ጅብ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ትርንጎ ቁርበት ላይ ተቀምጠን፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ተረት እንጠብቃለን።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ባለቤቲቱ ሰው መስሏት ታሳድረዋለች። መብራቱ ሲጠፋ፣ ልጇ ከተኛበት ጥግ አንድ ነገር ሲቆረጠም ትሰማለች።

«እንግዳዬ፣ ምን እየበላህ ነው?»

«ቆሎ ነው፣ እመቤቴ።»

እዚህ ላይ አያቴ ኩራዙን እፍ ብለው ያጠፉና፣ ጉንጫቸው ውስጥ የደበቋትን ደረቅ ባቄላ በመንጋጋቸው ቋ! ያደርጓታል። እየጮህን እንተቃቀፋለን። ያችን ድምፅ ፈርተን ከመሸ ደጅ ወጥተን አናውቅም።

አንድ ክረምት የግራና የቀኝ መንጋጋ ጥርሳቸው ታመመና ሐኪም ቤት ተነቀለ። ቆይቶ ከፊት ጥርሳቸው ጋር በሽቦ የሚያያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው፤ ተረቱ ተመለሰ ብለን ፈነደቅን። አያቴ ኩራዙን አጠፉ፣ ባቄላዋን ነከሱ። ምንም የለም። መብራቱ ሲበራ ባቄላዋ ረጥባ፣ ሳትሰበር እንዳለች ወጣች።

«የናንተ ጥርስ አጥንት ውስጥ የተተከለ ነው» አሉ ድዳቸውን እያሹ። «ይኸ ድድ ላይ ያረፈ እንግዳ ነው። ጠበቅ ባደርገው እኔኑ ይነክሰኛል።»

ትርንጎ «ጅቡ ወላቃ ሆነ!» ብላ ሳቀች። አያቴም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ከቤታችን ወጣ።

አንድ ምሽት ተረቱ እንደተለመደው እዚያው ደረሰ፤ ኩራዙ ጠፋ።

«ቆሎ ነው፣ እመቤቴ።»

ቋ!

ወፍራም፣ ሙሉ ድምፅ ነበር። «አባባ፣ ተመለሰልዎ!» ብዬ አጨበጨብሁ። አያቴ በጨለማው እጄን ፈልገው ርጥብ፣ ቀዝቃዛ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ጥርሳቸው ነበር።

«እኔ አልነከስሁም» አሉኝ በሹክሹክታ።

የትርንጎን ቦታ ዳበስሁ። ቁርበቱ ይሞቃል፤ እሷ የለችም።

አያቴ ከምድጃው ትንታግ መዝዘው እየጮሁ ወጡ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ትርንጎ ከውጭ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ኩራዙ ሲጠፋ፣ ውጭ የረሳነውን ግልገል ልታስገባ ሾልካ ወጥታ ኖሯል። ግልገሉ የለም፤ ከታሰረበት እንጨት ላይ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል። ከአጥሩ ማዶ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ቋ! አለ። እህቴ ለብዙ ቀን ድምፅ አልወጣትም፤ አያቴም ያን ተረት ዳግም ሳያወሩ ሞቱ።

አሁን የእኔም መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ እንደሳቸው በሽቦ የሚያያዝ ጥርስ አደርጋለሁ። የልጅ ልጆቻችን ሲሰበሰቡ የጅቡን ተረት ካላወራህ ይሉኛል። አወራለሁ፤ ባቄላዋን እነክሳለሁ፤ ድዴን ያመኛል እንጂ እሷ አትሰበርም። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ትርንጎ ግን አትስቅም። ልጆቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ታይና፣ ተነሥታ በሩን ትቀረቅራለች።