ሳይቀመጡ ጣሪያውን የሚያዩት አጎቴ

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አጎቴ የሰው ቤት ሲገቡ ቶሎ አይቀመጡም ነበር። ሥራቸው የቤት ማሞቂያና የአየር ማስወጫ ቱቦ ማጽዳት ስለነበር፣ መጀመሪያ ሶፍት አውጥተው ጣሪያው ሥር ያለው የአየር ማስወጫ ላይ ያስጠጋሉ። ሶፍቱ ወደ ላይ ከተሳበ "ተመስገን፣ ቤቱ ይተነፍሳል" ብለው ይቀመጣሉ።

ባለቤቴን ሊጠይቁልኝ ዴን ሃግ ከተማ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ፤ ልማዱ ባይሆንም አብሬያቸው ገባሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ሲለዋወጥ እሳቸው ወንበር ላይ ወጡ። ሶፍቱ አልተሳበም። የማስወጫውን ክዳን ነቀል ሲያደርጉት ጥቁር አቧራ በልጅቷ እናት ነጭ ነጠላ ላይ ተራገፈ።

"ለሽምግልና ነው የመጡት ወይስ ለሥራ?" አሉ አባትየው።

"ለሁለቱም ነው ጌታዬ። ቤትዎ ታፍኗል" አሉ አጎቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷን ሰጡኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ አጎቴን ወደ አማቶቼ ቤት ይዣቸው ሄጄ አላውቅም።

ለቅሶው ላይ የባለቤቴ አባት አጠገቤ ተቀምጠው ከዘመድ አብልጠው አለቀሱ።

"በየዓመቱ ብርድ ሳይገባ እየመጡ ያጸዱልን ነበር እኮ" አሉኝ።

"ማን?"

"አጎትህ ናቸዋ! 'ልጁ ያፍራል፣ እንዳትነግሩት' ብለው አስምለውን ነበር።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። አጎቴ ያን ቀን ወንበሩ ላይ ሆነው ፊቴን አይተውት ኖሯል። አሁን ይቅርታ ልላቸው ዴልፍስሃቨን ሰፈር ያለው ቤታቸው ብሄድ፣ በሩን የሚከፍትልኝ የለም።