ማራገቢያ ጠፍቶ የተቀዳ ሙዚቃ

አዳማ ውስጥ ስቱዲዮ የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ማራገቢያ ማጥፋት ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ከድር ግድግዳውን በስፖንጅ ለብጠው ክፍሉን ምድጃ አድርገውታል። ማራገቢያው ካልዞረ ሰው ይታፈናል፤ ከዞረ ደግሞ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

"እጄን ሳነሳ ታጠፊዋለሽ፤ ዘፋኙ ሲወድቅ ትከፍቺዋለሽ" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ደረቅ ወደብ" የሚባለው የሮክ ባንድ የመጣው ራሴን ችዬ መቅዳት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሦስት የሞጆ ልጆች ናቸው፦ ቶሎሳ ይዘፍናል፣ ደቻሳ ጊታር ይጫወታል፣ አብዲ ድራም ይመታል። ቀን ቀን የሞጆው ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያስጭኑ ስለሚውሉ ነው ስሙን ያወጡት። ጋሽ ከድር ሲሰሙ "ልትዘፍኑ ነው ወይስ ኮንቴይነር ልታስፈትሹ?" አሏቸው።

በሙቀቱ የጊታሩ ክር ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ልጆቹ ማራገቢያው ቶሎ እንዲከፈትላቸው ሲሉ ዘፈኑን ከተለማመዱት በላይ አፍጥነው ይጨርሱታል። ዛሬ አድናቂዎቻቸው ያንን ፍጥነት "የወጣትነት ቁጣ" ይሉታል። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሙቀት ነው።

ቶሎሳ የመጨረሻዋን ቃል እንደጨረሰ በሩን በርግዶ አየር ፍለጋ ይወጣል። ደቻሳ ከኋላው "አቦ፣ ተሳቢ ማርሽ ሲቀይር ካንተ ድምፅ ይሻላል!" እያለ ይሸኘዋል። አንድም ቀን አመስግኖት አያውቅም።

እነዚያን ቅጂዎች እወዳቸዋለሁ። ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ገብቷል፤ አብዲም ሳይደነግጥ በድራሙ መልስ ሰጥቶታል። ሦስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እየተቃጠሉ መሆናቸው ይሰማል። በኋላ አዲስ አበባ ሄደው የሠሩት አልበም ጥርት ያለ ነው፤ ያላበው ሰው ግን የለበትም።

ባለፈው ዓመት ቶሎሳ ጥቁር መነጽር አድርጎ ብቻውን መጣ። ታዋቂ ሆኗል። ደቻሳ ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር።

"ሰኒ፣ የድሮዎቹን አጥፊልኝ። በአዲስ ጊታሪስት እቀዳቸዋለሁ። አፍርባቸዋለሁ እኮ!"

ሰው እጅ ያለው ዘፈኑ እንዳለቀ የተቆረጠው ነው፤ ዋናው ቅጂ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። ምን ላድርግ ብዬ ጋሽ ከድርን ሳያቸው "ንብረቱ ነው፣ አጥፊለት" አሉኝ።

"እሺ፤ መጀመሪያ ግን አንዷን እስከ መጨረሻ ስማ" አልኩት።

ሰማ። በቅኝቱ ፊቱን አጨማደደ፣ በባጃጁ ሳቀ። ዘፈኑ አለቀና ራሱ በሩን በርግዶ ሲወጣ ቅጂው ላይ ተሰማ። ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት። ያኔ እሱ ከወጣ በኋላ ማይኩ ክፍት ነበር፤ ደቻሳ ለአብዲ ሲያወራ ይሰማል።

"ይሄ ልጅ ግን እንዴት ነው የሚዘፍነው! እንባዬ መጣ እኮ። እንዳትነግረው፣ ይጠግባል።"

ለዓመታት ብቻዬን ስሰማው የኖርኩት ነው። እኔም አልነገርኩትም ነበር።

ቶሎሳ መነጽሩን አወለቀ። "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። "አንዴ ብቻ" አለኝ። እንደገና ደገምኩት። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ከድር "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ኮምፒዩተሩን ታረጥቡታላችሁ!" ብለው ወደ ውጭ ወጡ፤ ቶሎም አልተመለሱም።

አንዱም ዘፈን አልጠፋም።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ ዘፈን አለቀ ብላችሁ መቅጃውን ወዲያው አታጥፉ።