ፀጉር የሌላቸው ደንበኛዬ

እኚህ አዛውንት አናታቸው ላይ ለመድኃኒት እንኳ አንድ ፀጉር የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከፀጉር ቤቴ አይቀሩም። ተራቸው ሲደርስ፣ «አንተ ቅደም ልጄ፣ እኔ ምን ያስቸኩለኛል» ብለው ለሌላው ይለቃሉ። የኮታቸው ክርን ሳስቷል፤ ጣታቸውን የብዕር ቀለም አይለየውም። ጋዜጣ ይገልጣሉ እንጂ አያነቡም፤ ጆሯቸው የደንበኞቼ ወሬ ላይ ነው።

ዛሬ ግን ፊታቸውን አጨፍግገው ገቡ።

«ምነው አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ምን ያመኛል! ድርሰቴ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ባሏን አኩርፋ ወጥታ በር ላይ ተገትራ ቀረች። ብለምናት አትመለስ፣ ብገፋት አትሄድ።»

ወንበሩ ላይ ፊቱን በሳሙና አረፋ የሸፈንኩት ባለታክሲ ሳቀ።

«የኔዋም ትናንት እንዲሁ ተቆጥታ ወጥታ ነበር። ዝናቡ ሲጥል ለጃንጥላዋ ተመለሰች። ተያየንና ሳቅን፤ በዚያው ታረቅን።»

አዛውንቱ ዘለው ተነሡ።

«ጃንጥላ! እኔ ሞኙ ደግሞ በፍቅር ልመልሳት ስታገል!» እያሉ እንደ ጎረምሳ ሮጠው ወጡ።

ውጭ ዝናቡን ያወርደዋል። የራሳቸው ጃንጥላ አግዳሚው ላይ ቀርቷል፤ እሳቸው ግን መች ተመለሱ!