አሥራ ሦስተኛው ክፍል

«ደጅሽ ቆሜ ዋልኩኝ እንደ በር ጠባቂ፣
አንዴ ግባ በይኝ… እምም… እምም…»

እዚህ ላይ ሲደርስ ዘፈኑ ይጠፋባታል። ስመኝ ይህን ግማሽ ዘፈን ስታንጎራጉር አርባ ዓመት አለፋት። ባሕር ማዶ፣ ሮዝቪል ባለው አፓርታማዋ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ኒው ሆፕ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ስታነጥፍ፣ ያቺው አንድ ተኩል ስንኝ ከንፈሯ ላይ ትመላለሳለች። ቀሪው የት እንደቀረ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ልጇ ሶሊያና ስለ እናቷ ልጅነት የምታውቀው አንድ ነገር ነው። «እኔ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ክፍል ባለው ቤት ነው ያደግሁት» ትላታለች ስመኝ፤ የሳሎኑን ከባድ መጋረጃ፣ ወርቅ የተቀባውን ሳህን፣ የግቢውን ጽጌረዳ እያሳመረች። ልጅቱም ያንን ቤት እንደ ተረት ተቀብላ አደገች። ስለዚህ ዘንድሮ ለእናቶች ቀን የጉብኝት ቲኬት ቆረጠችላት። ሴንት ፖል ውስጥ፣ ወንዙን ቁልቁል ከሚያየው አፋፍ ላይ፣ የእንግሊዝ ገጠር ባላባቶች የኖሩበት ቤት አለ። የዛሬ መቶ ዓመት አንድ የጣውላ ከበርቴ ገዝቶ፣ ድንጋዩንና እንጨቱን ቁጥር እየጻፈ አስነቅሎ፣ በመርከብ አሻግሮ የተከለው ነው።

«ማሚ፣ ያንቺን ቤት አይመስልም?» አለቻት በእንግሊዝኛ፣ ሥዕሉን በስልኳ እያሳየቻት።

«ይመስላል» አለች ስመኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። ፋናም አብራቸው ነበረች። ፋና የስመኝ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ናት፤ በአባቷ ቤት ሦስት ሠራተኛና አንድ ዘበኛ እንደነበሩ ሳታነሳ ቀኑ የማይመሽላት፣ ሰው ሲታመም ግን ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ። «እኛ የደህና ቤት ልጆች» ትላለች የስመኝን ክንድ ይዛ። ስመኝ ፈገግ ትላለች። ያቺን ፈገግታ ከልጇም ከጓደኛዋም ፊት እንደ እንቁላል ተሸክማ፣ እንዳትወድቅባት ስትሳቀቅ ሃያ ዓመት ኖራለች።

በሩ ሲከፈት ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጣሪያው ነጭ ኖራ ነው፤ ግን የቀሚስ ጥበብ ይመስል የወይን ሐረግ ዙሪያውን ተስቦበታል። ግድግዳው በእጅ የተፈለፈለ ጥቁር እንጨት። መስኮቱ የግንቦትን ፀሐይ በቀይና በሰማያዊ እየቆራረሰ ምንጣፉ ላይ ይበትነዋል። የእራት ጠረጴዛው ለሃያ አራት ሰው ተሰናድቶ የብር ዕቃው ይንቦገቦጋል።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ሹካ ለአንድ አፍ?» አለች ፋና። «እጅ አልፈጠረባቸውም እንዴ?»

ፋና የምንጣፉን መሀል ይዛ እንደ ቤቱ እመቤት ትንጎራደዳለች። ስመኝ ግን ጥግ ጥጉን፣ ምንጣፉን ሳትረግጥ ነው የምትሄደው። ማንም አላዘዛትም፤ እግሯ ራሱ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ብሩን አይቶ ሲደነቅ፣ እሷ ያየችው ወልዋዩን ነው። «ጥፍሩ ጠቁሮ ይሆናል» አለች በሆዷ።

አስጎብኚዋ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ፈረንጅ አሮጊት ናት። ሶሊያና ኩራት ይዟት «እናቴ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው» አለቻት በእንግሊዝኛ። የጎብኚው ሁሉ ዓይን ስመኝ ላይ ተተከለ። ስመኝ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«እንግዲያው ይህን ያውቁታል!» አለች አስጎብኚዋ። ቢጫ ሐር የተለበጠውን ግድግዳ በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ግድግዳው ተከፈተ! ከሐሩ ጀርባ ቀለም ያልነካው ጠባብ ደረጃ ወደ ጨለማ ይወርዳል። «ሠራተኞቹ በዚህ ነበር የሚመላለሱት፣ ጌቶቹ እንዳያዩአቸው።»

ስመኝ ክው አለች። ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ መቶ ዓመት ተሻግሮ፣ ያ የምታውቀው የጓዳ መንገድ እዚህ ምን ይሠራል?

አስጎብኚዋ ፋናን ሳሎን አስቀረቻት። ሌሎቹ ወርደው እስኪደርሱ ጠብቃ ከምድጃው አጠገብ የተንጠለጠለውን የመጥሪያ ገመድ እንድትስብ ነው። «አየሽ? ሰው ታውቃለች!» አለች ፋና ደስ ብሏት።

ታች፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ራቁቱን፤ ከበላዩ ቃጭሎች በረድፍ ተሰቅለዋል፣ ከእያንዳንዱ ሥር የክፍል ስም። ሁሉም ቃጭሎቹን አንጋጠው ጠበቁ።

ቅልጭል! ቅልጭል!

«አቤት እትዬ! መጣሁ!»

ድምፁ የስመኝ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ሦስት ደረጃ ወጥታለች። በአራተኛው ላይ እግሯ ደረቀ።

ጎብኚዎቹ ትያትር መስሏቸው ሳቁ፣ አጨበጨቡ። አንዲት ብቻ አልሳቀችም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አማርኛን በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ፣ ፊቷ አመድ መስሎ በአማርኛ ጠየቀች።

«ማሚ… እትዬ ማናት?»

ከላይ የፋና ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ወረደ። «ስመኝ? አንቺ ነሽ አቤት ያልሽኝ?» ቀጥሎ የተረከዟ ኳኳታ።

«ቀልዴን ነው» ብትል ያልቅ ነበር፤ ሳቁ ተዘጋጅቶላታል። ስመኝ ቃጭሉን ቀና ብላ አየችው፤ ገና ይወዛወዛል።

«እመቤቴ ናት» አለች። «በዘጠኝ ዓመቴ ከገጠር አምጥታኝ እሷ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አሥር ዓመት።»

ሶሊያና አንድ ደረጃ ወደ እሷ ወጣች። «ግን አሥራ ሁለት ክፍል… የቱ ነበር ያንቺ?»

«አሥራ ሦስተኛው። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከከሰሉ ጋር።»

«ዋሸሽኝ?»

«አልዋሸሁም፣ እዚያ ነው ያደግሁት። ግማሹን ነው የነገርኩሽ።» ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። «ዘፈኑም እንደዚያው ነው። ራዲዮኑ ሳሎን ነበር፤ ትሪ ይዤ ስገባ ይጀምራል፣ ስወጣ በሩ ይዘጋል።»

ፋና የደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ስመኝ ዓይኗን ፈራችው።

በመኪና ተመለሱ። ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቦታ የያዙበትን ምግብ ቤት ሶሊያና ሳታቆም አለፈችው። መብራት ሲይዛቸው ፋና ከኋላ ወንበር ተናገረች፤ ለራሷ ይመስል።

«እኛ ቤት አንዲት ነበረች… ፀጉሬን የምትሠራኝ። ስሟ ማን ነበር?» አሰበች። ደግማ አሰበች። «ወይኔ! ስሟን አላውቀውም። ‹ልጅቷ› ነበር የምንላት።»

ከዚያ በኋላ እስከ ሮዝቪል ድረስ ፋና የአባቷን ቤት አላነሳችም፤ ይህም ራሱ ጉድ ነበር።

ቤት ሲገቡ ስመኝ በልማዷ ወደ ምድጃው ሮጠች። በዓለ ሃምሳ ነውና ቀይ ወጡ ከትናንት ተሠርቶ አድሯል፤ አሞቀች፣ አቀረበች፣ ከዚያም እንደ ሁልጊዜው ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆመች።

ሶሊያና አየቻት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያየችውን ገና አሁን አየችው።

«ማሚ፣ ስንበላ የምትቆሚው… ለዚህ ነው?»

ስመኝ እግሯን አየች። እሷም አላወቀችም ነበር። በመጦሪያው የበሽተኛ ደወል ሲጮህ ከሁሉ ቀድማ በመድረሷ ሦስት ጊዜ ተሸልማለች፤ ፍጥነቷን እግዜር የሰጣት ጸጋ ይመስላት ነበር። «እኔ እኮ ቀምሻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ልትል ጀመረችና ተወችው።

አራተኛው ወንበር ላይ የእጅ ቦርሳዎች ተከምረዋል፤ ከተገዛ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። ሶሊያና ቦርሳዎቹን ወለሉ ላይ አወረደችና ወንበሩን ሳበች። «ተቀመጪ።»

«ሰላጣው እኮ…»

«ተቀመጪ፣ ማሚዬ።»

ፋና የጭማቂ ማንቆርቆሪያውን ውኃ ሞልታ፣ ሳህን ይዛ መጣች። «እጅሽን» አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ውኃውን አንድ ጊዜ ገለበጠችው፤ የስመኝ እጅጌ እስከ ክርኗ ራሰ።

«ኧረ ቀስ! ማስታጠብ እንኳ አትችዪም?»

«ማን አስተምሮኝ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነና ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ስመኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው፣ ተቀመጠች።

ጭማሪ ወጥ የገባበት ማይክሮዌቭ ጮኸ። ቲት፣ ቲት፣ ቲት።

ትከሻዋ ብድግ አለ። የሶሊያና እጅ አረፈበት።

«ይጩህ» አለች ልጅቷ።

ስመኝ ጀርባዋን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ቀስ ብላ ለቀቀች። እንጀራውን ቆረሰች፣ ወጡን ጠቀለለች፣ ጎረሰች። ትኩስ ነበር።